ሊንከር የሚመርጥ ኦፕሽን ትርፍ አይደለም፦ «ኮምፓይለሩ ሊንከር አይምረጥ» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

«ኮምፓይለሩ ሊንከር አይምረጥ» የሚለው ጽሑፍ ክርክሩን በስድስት ነጥቦች አስቀምጧል። ሊንከር (ኮምፓይለሩ ያዘጋጃቸውን ፋይሎች አያይዞ የሚነሳ ፕሮግራም የሚያወጣው መሣሪያ) የሲስተሙ ጉዳይ ስለሆነ መቀየር የፈለገ ሲምሊንኩን (ወደ ሌላ ፋይል የሚጠቁመውን ስም) ያዙር፤ ካልሆነም በፓዝ (ፕሮግራሞች የሚፈለጉባቸው ማውጫዎች) ዝርዝር ላይ የራሱን ያስቀድም፤ ሊንከሮች የሚለያዩት በፍጥነት ብቻ ነው፤ ኦፕሽኑ የደኅንነት ቀዳዳ ይከፍታል፤ አዲስ ሊንከር በመጣ ቁጥር ኮምፓይለሩን መነካካት ማለቂያ የለውም፤ ስለዚህ ጉዳዩን ለቢልድ ሲስተሙ (የፕሮጀክቱን ግንባታ ለሚመራው መሣሪያ) መተው ይሻላል። አምስተኛው ነጥብ በደንብ ሊታሰብበት የሚገባ ነው፤ አራተኛውም ግማሽ እውነት አለው። የቀሩት ግን አንድ ነገር ዘንግተዋል፦ በተለመደው አሠራር ሊንከሩን የሚጠራው ፕሮግራመሩ ሳይሆን ራሱ ኮምፓይለሩ ነው።

(ኦፕሽኖችን፣ የፋይል ስሞችንና የስህተት መልእክቶችን የጻፍኳቸው እንደሚነበቡ ነው። የክርክሩ ማእከል የሁለቱ ኮምፓይለሮች፣ የጂሲሲና የክላንግ፣ «-ኤፍዩዝ-ኤልዲ=» ኦፕሽን ነው፤ ከእኩል ምልክቱ ቀጥሎ የሊንከሩ ስም ይገባል፦ ቢኤፍዲ፣ ጎልድ፣ ኤልኤልዲ፣ ሞልድ።)

«ጂሲሲ ሜይን.ኦ» ብሎ ያዘዘ ሰው የጻፈው ሁለት ቃል ነው። ለሊንከሩ የሚደርሰው ግን ረጅም መስመር ነው። በሊኑክስ ላይ ከፊት የማስጀመሪያ ፋይሎቹ «ሲአርቲ1.ኦ» (ለፓይ፣ ማለትም በማንኛውም የሜሞሪ አድራሻ ሊጫን ለሚችል ፕሮግራም፣ «ኤስሲአርቲ1.ኦ»)፣ «ሲአርቲአይ.ኦ»ና «ሲአርቲቢጊን» ይሰለፋሉ። መካከል ላይ የተጠቃሚው ፋይል ይገባል፤ ቀጥሎ የጂሲሲ ረዳት ላይብረሪና የሲ ላይብረሪ፣ በመጨረሻ «ሲአርቲኤንድ»ና «ሲአርቲኤን.ኦ» ይመጣሉ። የዳይናሚክ ሎደሩ አድራሻ፣ የላይብረሪ ማውጫዎችና የኤልቲኦ (በሊንክ ጊዜ የሚደረግ ኦፕቲማይዜሽን) ፕለጊኑም አብረው ይታከላሉ። ይህን ሁሉ የሚያሰናዳው ድራይቨሩ፣ ማለትም ትዕዛዙን ተቀብሎ ሌሎቹን ፕሮግራሞች የሚጠራው የኮምፓይለሩ ክፍል ነው። በጂሲሲ ደግሞ በድራይቨሩና በሊንከሩ መካከል «ኮሌክት2» የሚባል ፕሮግራም አለ፤ እውነተኛውን ሊንከር ፈልጎ የሚያስነሳው እሱ ነው። መስመሩን ማየት የፈለገ በትዕዛዙ ላይ «-###» ይጨምር፤ ምንም ሳይሠራ ያትመዋል።

ስለዚህ «ሊንከሩን ራስህ ጥራው» የሚል ሰው ይህን ዝርዝር በእጅ ጻፈው ማለቱ ነው። ዝርዝሩም ከኮምፓይለሩ ቨርዥን፣ ከሲ ላይብረሪውና ከዲስትሪቢውሽኑ ጋር ይለዋወጣል።

«ሲምሊንኩን ማዞር ይበቃል»

ይህ የሚበቃው በማሽኑ ላይ አንድ ፕሮጀክት ብቻ ካለ ነው። በሲስተሙ ማውጫ ያለውን «ኤልዲ» (ሊንከሩ በተለምዶ የሚጠራበትን የፋይል ስም) ወደ ሌላ ሊንከር ማዞር በማሽኑ ላይ የሚሠራውን ቢልድ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይቀይራል፤ የአስተዳዳሪ ፈቃድም ይጠይቃል። ሲምሊንኩ የቢንዩቲልስ (ቢኤፍዲን የያዘው የመሣሪያዎች ስብስብ) ፓኬጅ ንብረት በሆነበት ዲስትሪቢውሽን ደግሞ የሚቀጥለው ማሻሻያ ወደ ነበረበት ይመልሰዋል።

ዋናው ችግር ግን ሁሉም ሊንከር ሁሉንም ሥራ አለመቻሉ ነው። የሊኑክስ ከርነል ቢልድ ጎልድን አይቀበልም፤ የሚቀበለው ቢኤፍዲንና ኤልኤልዲን ነው። ሞልድ የሊንከር ስክሪፕት ድጋፉ ውስን ስለሆነ ሜሞሪውን በስክሪፕት የሚያደላድሉ ቡትሎደርና ፈርምዌር ሲመጡ አይሆንም። ያው ማሽን ላይ አንድ ትልቅ የሲ++ ፕሮግራም በሞልድ፣ ከርነሉ በቢኤፍዲ ሊገነባ ይችላል። ይህን የሚፈቅደው በየትዕዛዙ የሚሰጥ ምርጫ እንጂ ለማሽኑ ሁሉ አንድ የሆነ ሲምሊንክ አይደለም።

በዚያ ላይ ለሌላ አርክቴክቸር የሚሠራ ክሮስ ኮምፓይለር የሲስተሙን «ኤልዲ» አይነካውም፤ የታርጌቱ ስም በፊቱ የተቀጠለበትን የራሱን ሊንከር ይፈልጋል። ሲምሊንኩ ቢዞርም እሱ ምንም አይሰማውም።

«ፓዝ ላይ ማስቀደም ይቻላል»

አንዳንዴ ይሠራል። የማይሠራባቸው ሁኔታዎች ግን የተለመዱ ናቸው። ጂሲሲ ወደ ፓዝ ዝርዝር ከመሄዱ በፊት የራሱን ማውጫዎች ይፈትሻል፤ እዚያ «ኤልዲ» ካገኘ ፓዙን አያይም። ጂሲሲ ሲገነባ «--ዊዝ-ኤልዲ=» በሚል ሙሉ አድራሻ ተሰጥቶት ከሆነም ፍለጋ የሚባል ነገር የለም፤ የተሰጠውን ይወስዳል። «ጂሲሲ -ፕሪንት-ፕሮግ-ኔም=ኤልዲ» ሙሉ አድራሻ ካተመ ፓዙን መነካካት ድካም ብቻ ነው፤ «ኤልዲ» ብሎ ባዶ ስም ከመለሰ ግን ፍለጋው ወደ ፓዝ ይወርዳል ማለት ነው።

ጸሐፊው ሳያነሱት የቀሩት የተሻለ መንገድ «-ቢ» ነው። ከሱ ቀጥሎ ማውጫ ይሰጣል፤ በማውጫው ውስጥ «ኤልዲ» የሚባል ሲምሊንክ ወደተፈለገው ሊንከር ይጠቁማል። ሞልድ ሲጫን ይህን የሚመስል ማውጫ ይዞ የሚመጣው ስሙን ለማያውቁ የቆዩ ጂሲሲዎች ሲባል ነው። ጉዳቱ «-ቢ» ሊንከርን ብቻ የሚመለከት አለመሆኑ ነው፤ አሴምብለሩ፣ የሲአርቲ ፋይሎችና ሄደሮችም በዚያው ማውጫ ይፈለጋሉ። ማውጫው ከአንዲት ሲምሊንክ በላይ ከያዘ ያልታሰበ «ኤኤስ» (አሴምብለር) ሊጠራ ይችላል። ለዚህ ዘዴ የሚሆነው ማውጫ ከአንድ ፋይል በላይ ሊኖረው አይገባም።

«ልዩነታቸው ፍጥነት ብቻ ነው»

በዚህ ነጥብ አልስማማም፤ ጸሐፊው ኦፕሽኑን ትርፍ ያሉትም ከዚህ ተነሥተው ነው። ፍጥነቱ እውነት ነው፤ ቢኤፍዲ በአብዛኛው በአንድ ትሬድ ይሠራል፣ ኤልኤልዲና ሞልድ ሥራውን በብዙ ኮር ያካፍላሉ። ሊንከር መቀየር ግን የግንባታውን ውጤት፣ አንዳንዴም መሳካት አለመሳካቱን ይወስናል።

የስታቲክ ላይብረሪዎችን ቅደም ተከተል እንይ። «ሜይን.ኦ» በ«ሊብኤ.ኤ» ውስጥ ያለውን «ፉ» የተባለ ፈንክሽን ይጠራል እንበል፤ «ፉ» በተራው በ«ሊብቢ.ኤ» ውስጥ ያለውን «ባር» ይጠራል። መስመሩ «ሜይን.ኦ ሊብቢ.ኤ ሊብኤ.ኤ» ተብሎ ቢጻፍ ቢኤፍዲ ከግራ ወደ ቀኝ አንድ ጊዜ ያልፋል። «ሊብቢ» ጋ ሲደርስ «ባር»ን የፈለገ ገና ስለሌለ ምንም ሳይወስድ ያልፋል፤ «ሊብኤ» ላይ «ፉ»ን ሲያወጣ «ባር» ያስፈልገዋል፤ ወደ ኋላ ግን አይመለስም። ውጤቱ «አንዲፋይንድ ሬፈረንስ ቱ ባር» ነው። ኤልኤልዲ በሌላ መንገድ ይሄዳል፤ ያለፋቸውን ላይብረሪዎች የሲምቦል (የፈንክሽንና የቫሪያብል ስሞች) ዝርዝር ስለሚያስታውስ ያው መስመር ያለ ችግር ያልፋል። ስለዚህ በኤልኤልዲ ብቻ ሲገነባ የኖረ ፕሮጀክት ቢኤፍዲ ያለበት ማሽን ላይ ሊወድቅ ይችላል፤ ገንቢው ግን ምንም አልቀየረም። ለዚህ የኤልኤልዲ «--ዋርን-ባክሬፍስ» ማስጠንቀቂያ አለ፤ በሁለቱም ሊንከሮች መገንባት ያለበት ፕሮጀክት ከመጀመሪያው ቢያበራው ይሻላል። ለቢኤፍዲ መድኃኒቱ ቅደም ተከተሉን ማስተካከል ነው፤ ላይብረሪዎቹ በክብ የሚጠራሩ ከሆነ ደግሞ በ«--ስታርት-ግሩፕ»ና በ«--ኤንድ-ግሩፕ» መካከል ማስገባት።

ላይብረሪው ለውጭ የሚያሳያቸውን ሲምቦሎች የሚዘረዝረው ቨርዥን ስክሪፕትም እንዲሁ ነው። በስክሪፕቱ ተዘርዝሮ በኮዱ ውስጥ የሌለን ሲምቦል ቢኤፍዲ ዝም ብሎ ያልፈዋል። ኤልኤልዲ ግን ከ16ኛው ቨርዥን (2023) ጀምሮ እንደ ስህተት ስለሚቆጥረው ለዓመታት ያለ ቅሬታ የተገነቡ ላይብረሪዎች በድንገት ቆሙ። «-ደብሊውኤል,--አንዲፋይንድ-ቨርዥን» የድሮውን ጠባይ ይመልሳል፤ ትክክለኛው ጥገና ግን የሞተውን ስም ከስክሪፕቱ መሰረዝ ነው።

ኦፕሽኖቹም አንድ አይደሉም። አንድ ዓይነት ኮድ ያላቸውን ፈንክሽኖች የሚያዋሕደው «--አይሲኤፍ=ሴፍ» በጎልድ፣ በኤልኤልዲና በሞልድ አለ፤ ቢኤፍዲ ግን «አንሪኮግናይዝድ ኦፕሽን» ብሎ ይወድቃል።

ኤልቲኦ ላይ ልዩነቱ ይከፋል። ጂሲሲ በ«-ኤፍኤልቲኦ» የሚያወጣው ኦብጀክት ፋይል በነባሪ የማሽን ኮድ የለውም፤ የያዘው የጂሲሲን ውስጣዊ ቋንቋ ነው። ሊንከሩ እሱን የሚፈታው በጂሲሲ ፕለጊን በኩል ነው፤ ኤልኤልዲ ደግሞ ያን ፕለጊን አያስነሳም። የሚያነበው የኤልኤልቪኤምን (ክላንግ የተመሠረተበትን ፕሮጀክት) ቢትኮድ ብቻ ነው። የፕለጊን ኦፕሽኑን ለተኳሃኝነት ሲል ተቀብሎ ችላ ስለሚለው የሚታየው ስህተት ስለ ኤልቲኦ አያወራም፤ «ሜይን» የሚባል ሲምቦል አልተገኘም ብሎ ያርፋል። «-ኤፍፋት-ኤልቲኦ-ኦብጀክትስ» ቢጨመር ፋይሉ የማሽን ኮዱንም ስለሚይዝ ሊንኩ ያልፋል፤ የኤልቲኦው ጥቅም ግን ቀረ ማለት ነው። ከጂሲሲ ጋር ኤልቲኦና ፍጥነት አብሮ የፈለገ ፕለጊኑን የሚደግፈውን ሞልድን ይውሰድ። ክላንግ ደግሞ ኤልቲኦ ሲታዘዝ ሊንከሩ ኤልኤልዲ ካልሆነ የራሱን የጎልድ ፕለጊን አድራሻ በመስመሩ ላይ ያስገባል፤ ኤልኤልዲ ከሆነ ይተወዋል። ድራይቨሩ የትኛውን ሊንከር እንደሚጠራ ማወቅ አለበት የምለው ለዚህ ነው። ሲምሊንክ ያዞረ ሰው ለድራይቨሩ ምንም አልነገረውም።

ጸሐፊው ያላነሱት፣ ነገር ግን ቢያነሱት ኖሮ ክርክራቸውን የሚያጠነክርላቸው ጉዳይ አለ። ጂሲሲ ስለ ሊንከሩ ችሎታ የሚያውቀው ሲገነባ፣ በኮንፊገር ጊዜ ባደረገው ፈተና ነው፦ ፕለጊን ይደግፋል ወይ፣ «--አዝ-ኒድድ»ን ያውቃል ወይ፣ የተጨመቀ የዲበግ መረጃን ይችላል ወይ። ውጤቱ በባይነሪው ውስጥ ይቀመጣል። ተጠቃሚው በኋላ «-ኤፍዩዝ-ኤልዲ=» ቢልም ጂሲሲ የሚያስበው በፈተነው ሊንከር ችሎታ ነው። ጎልድ፣ ኤልኤልዲና ሞልድ የቢኤፍዲን ኦፕሽኖች ሆን ብለው ስለሚመስሉ አብዛኛውን ጊዜ ችግር አይታይም፤ በጣም ባረጀ ሊንከር ላይ ግን ይታያል። ይህ ኦፕሽኑን ከማስቀረት ይልቅ ዓይነቱን ለድራይቨሩ በግልጽ ለመንገር ተጨማሪ ምክንያት ነው።

«የደኅንነት ቀዳዳ ይከፍታል»

የኮምፓይለሩን የትዕዛዝ መስመር መቆጣጠር የቻለ ሰው በጂሲሲ ያሻውን ፕሮግራም ማስነሳት የቻለው «-ኤፍዩዝ-ኤልዲ=» ከመምጣቱ በፊት ነው። «-ቢ» አለ፤ የስፔክ ፋይል (ድራይቨሩ ሌሎቹን ፕሮግራሞች እንዴት እንደሚጠራ የሚያዝ ፋይል) የሚያስጭነው «-ስፔክስ=» አለ፤ እያንዳንዱን ንዑስ ትዕዛዝ በሌላ ፕሮግራም ውስጥ የሚያልፍ «-ራፐር» አለ። በሩ ክፍት ነበር። የጂሲሲው ኦፕሽን እንዲያውም የታወቁ ስሞችን እንጂ አድራሻ ስለማይቀበል ከሦስቱ ይልቅ ጠባብ ነው።

ግማሽ እውነቱ ከሌላ ሰው ኦፕሽን ተቀብለው የሚያስኬዱ አገልግሎቶችን ይመለከታል። አደገኛ ኦፕሽኖችን እየለቀሙ የሚከለክሉ ከሆነ የክላንጉ «--ኤልዲ-ፓዝ=» አዲስ መግቢያ ነው። መፍትሔው የተፈቀዱትን ብቻ መዘርዘር ነው፤ በክልከላ ዝርዝር የሚኖር አገልግሎት ኮምፓይለሩ በታደሰ ቁጥር ይጋለጣል፣ ምክንያቱ ሊንከር ይሁን ሌላ።

«አዲስ ሊንከር በመጣ ቁጥር ኮምፓይለሩን መጠገን»

እዚህ ላይ ጸሐፊው ልክ ናቸው፤ ለጂሲሲ ብቻ ግን። ጂሲሲ እያንዳንዱን ስም ራሱን እንደቻለ ኦፕሽን ይመዘግባል። ቢኤፍዲና ጎልድ በ4.8 (2013) ገቡ፣ ኤልኤልዲ በጂሲሲ 9 (2019)፣ ሞልድ በጂሲሲ 12 (2022)። የሞልድ 1.0 ቨርዥን የወጣው በዲሴምበር 2021 ስለሆነ መዘግየቱ አጭር ይመስላል፤ ሆኖም ብዙ ማሽኖች ላይ ያለው ጂሲሲ ከ12 በታች ስለነበር ለእነሱ ስሙ «የማይታወቅ ኦፕሽን» ሆኖ ቀረ። አንድ ስም ለመጨመር የሚነኩት ቦታዎችም ጥቂት አይደሉም፦ ኦፕሽኖች የሚመዘገቡበት «ኮመን.ኦፒቲ»፣ ኦፕሽኑን በዝምታ የሚያሳልፈው «ኦፕትስ»፣ ለኮሌክት2 የሚያደርሰው የድራይቨሩ ስፔክ፣ ስሙን ወደ ፋይል ስም የሚቀይረው የኮሌክት2 ሠንጠረዥ፣ ከዚያ ማንዋሉ።

ከዚህ የሚከተለው ግን «ኦፕሽኑ አያስፈልግም» የሚል መደምደሚያ አይደለም። ክላንግ ስም አይዘረዝርም፤ ከእኩል ምልክቱ ቀጥሎ የተጻፈውን ወስዶ በፊቱ «ኤልዲ.» ቀጥሎ ፋይሉን ይፈልጋል። አዲስ ሊንከር ቢመጣ ክላንግን መንካት አያስፈልግም፤ ሊንከሩ «ኤልዲ.ስሙ» ተብሎ ከተጫነ ይበቃል። ካልተገኘም «ኢንቫሊድ ሊንከር ኔም» ብሎ የጠፋውን ስም ይናገራል።

ክላንግ ራሱ ግን አንድ ነገር አርሟል። መጀመሪያ «-ኤፍዩዝ-ኤልዲ=» ስምንም ሙሉ አድራሻንም ይቀበል ነበር። አድራሻ ሲሰጠው ያ ፋይል ኤልኤልዲ ይሁን ጎልድ ድራይቨሩ ማወቂያ የለውም፤ የኤልቲኦውን ፕለጊን ያስገባ ወይስ ይተው? በክላንግ 12 (2021) ጉዳዩ ለሁለት ተከፈለ፦ «--ኤልዲ-ፓዝ=» ሊንከሩ የት እንዳለ፣ «-ኤፍዩዝ-ኤልዲ=» ደግሞ ዓይነቱ ምን እንደሆነ ይናገራል፤ በሁለተኛው አድራሻ መስጠት እንዲቀር ተደረገ። ለሌላ ኮምፓይለር እንዲህ ያለ ኦፕሽን የሚጨምር ሰው ከዚህ ቢጀምር ያን ዙር ያተርፋል።

አተገባበሩ ላይ ሰዎች የሚሰናከሉባቸው ቦታዎች ይታወቃሉ። ትልቁ ኦፕሽኑን ከመስመሩ አለማውጣት ነው። ድራይቨሩ ሳያወጣው ቢቀርና ለቢኤፍዲ ቢደርስ ቢኤፍዲ «የማላውቀው ኦፕሽን» አይልም። ለሱ «-ኤፍ» የራሱ ትርጉም አለው፤ ቀጥሎ የመጣውን ጽሑፍ የረዳት ላይብረሪ ስም አድርጎ ይወስዳል። ለተራ ፕሮግራም ከሆነ «-ኤፍ ሜይ ኖት ቢ ዩዝድ ዊዝአውት -ሼርድ» ብሎ ይወድቃል፤ መልእክቱ ግራ ያጋባል እንጂ ቢያንስ ይቆማል። ለሼርድ ላይብረሪ ከሆነ ግን ያልፋል፤ በላይብረሪው ዳይናሚክ ክፍል ውስጥ «ዩዝ-ኤልዲ=ኤልኤልዲ» የሚል የኦግዚለሪ (የረዳት ላይብረሪ) መግቢያ ተጽፎ ይቀራል። ኮሌክት2 ኦፕሽኑን ለይቶ የሚጥለው ለዚህ ነው። ያው አደጋ የተጠቃሚም ነው፦ ሊንከሩን በቀጥታ የሚጠራ ሜክፋይል ባለው ፕሮጀክት ላይ ይህን በ«ኤልዲፍላግስ» (የሊንክ ኦፕሽኖች በሚቀመጡበት ቫሪያብል) ውስጥ ያስገባ ሰው እዚያው ወጥመድ ይገባል። የተጻፈውን መግቢያ «ሪድኤልፍ -ዲ» ያሳያል።

የስህተት መልእክቱም ሊታሰብበት ይገባል። በጂሲሲ ጎልድን ጠይቆ ጎልድ ካልተጫነ የሚመጣው መልእክት «ካናት ፋይንድ ኤልዲ» የሚል ነው። ሰውየው «ኤልዲ»ውን በዓይኑ እያየ የለም ይባላል። ከዚህም የሚብስ አለ፤ በ«--ዊዝ-ኤልዲ=» የተገነባ ጂሲሲ ከተሰጠው አድራሻ ጎን «ኤልዲ.ጎልድ»ን ካላገኘ በዝምታ ወደ ነባሪው ሊንከር ይመለሳል። ቢልዱ ያልፋል፣ ተጠቃሚው ሊንከር የቀየረ ይመስለዋል፤ በፍጥነት ንጽጽር ላይ «ምንም ልዩነት የለም» የሚል ውጤት ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው። የተጠየቀው ሊንከር ከሌለ መቆም፣ የተፈለገውን ስምና የተፈተሹትን ማውጫዎች ማተም፤ ከዚህ ያነሰ አይበቃም።

ሲምሊንክን እስከ ጫፉ መፍታት ሌላው ስህተት ነው። ኤልኤልዲ አንድ ባይነሪ ሆኖ በተጠራበት ስም ጠባዩን ይለውጣል፤ «ኤልዲ.ኤልኤልዲ» ሲሉት የዩኒክስ፣ «ኤልዲ64.ኤልኤልዲ» ሲሉት የማክኦኤስ፣ «ኤልኤልዲ-ሊንክ» ሲሉት የዊንዶውስ፣ «ዋዝም-ኤልዲ» ሲሉት የዌብአሴምብሊ ሊንከር ይሆናል። ድራይቨሩ ሲምሊንኩን ፈትቶ «ኤልኤልዲ» በሚለው ስም ቢያስነሳው «እኔ አጠቃላይ ድራይቨር ነኝ፣ ከአራቱ በአንዱ ጥራኝ» የሚል ስህተት ይመልሳል።

ኦፕሽኑ ሁለት ጊዜ ከተጻፈ የመጨረሻው ያሸንፍ፤ የፕሮጀክቱን ነባሪ በራሱ ምርጫ መሻር የሚፈልግ ተጠቃሚ የሚተማመነው በዚህ ነው። ሊንክ በሌለበት («-ሲ») ትዕዛዝ ላይ ሲመጣ ክላንግ «ጥቅም ላይ ያልዋለ ኦፕሽን» ብሎ ያስጠነቅቃል፤ ማስጠንቀቂያ ስህተት በሚሆንበት ቢልድ ላይ ይህ ሥራ ያቆማል። ኦፕሽኑ ከ«ሲፍላግስ» (ከኮምፓይል ኦፕሽኖች ቫሪያብል) ወጥቶ «ኤልዲፍላግስ» ውስጥ መግባት አለበት። ለሙከራ እውነተኛ ሊንከሮችን መጫን አያስፈልግም፤ በጊዜያዊ ማውጫ ውስጥ «ኤልዲ.ምናምን» የሚባል ባዶ፣ የመነሳት ፈቃድ ያለው ፋይል ማስቀመጥ፣ በ«-ቢ» ማመልከትና የ«-###»ን ውጤት ማየት ይበቃል።

«ቢልድ ሲስተሙ ይሥራው»

ቢልድ ሲስተሞቹ ይህን የሚሠሩት በዚሁ ኦፕሽን ነው። ሲሜክ በ3.29 (2024) «ሲሜክ_ሊንከር_ታይፕ» የሚባል ቫሪያብል አመጣ፤ ኤልኤልዲ ወይም ሞልድ ሲባል ለጂሲሲና ለክላንግ የሚጽፈው «-ኤፍዩዝ-ኤልዲ=» ነው። ከዚያ በፊት ሰዎች «ሲሜክ_ሊንከር»ን ይቀይሩና ምንም ሳይለወጥ ይቀራል፤ ሊንክ የሚደረገው በኮምፓይለሩ በኩል ስለሆነ ቫሪያብሉን የሚያይ የለም። በሜሶን «ሲሲ_ኤልዲ» የሚባለው የአካባቢ ቫሪያብል በተመሳሳይ መንገድ ወደ ኦፕሽኑ ይቀየራል። አውቶኮንፍ ባላቸው ፕሮጀክቶች «ኤልዲ=» ብሎ መስጠት ብዙ ጊዜ ፋይዳ የለውም። የቆየ ሊብቱል (በእነዚህ ፕሮጀክቶች ላይብረሪ የሚገነባው መሣሪያ) ደግሞ ሼርድ ላይብረሪ ሲሠራ የማያውቀውን ኦፕሽን ከ«ኤልዲፍላግስ» ይጥላል፤ እዚያ ኦፕሽኑን ከኮምፓይለሩ ስም ጋር በ«ሲሲ» ቫሪያብል ውስጥ ማስገባት ያስፈልጋል።

የረስት ቋንቋ ኮምፓይለርም ምስክር ነው። በሴፕቴምበር 2025 የወጣው 1.90 ለኤክስ86-64 ሊኑክስ ከራሱ ጋር የሚመጣውን ኤልኤልዲ ነባሪ አደረገ። ሊንኩን የሚያስኬደው በሲስተሙ የሲ ኮምፓይለር በኩል ስለሆነ ለሱ የሚያስተላልፈው «-ኤፍዩዝ-ኤልዲ=ኤልኤልዲ»ንና የራሱን ማውጫ የያዘ «-ቢ» ነው። መመለስ የፈለገ «-ሲ ሊንከር-ፊቸርስ=-ኤልኤልዲ» ይላል። የሲ ኮምፓይለሩ ኦፕሽኑ ባይኖረው ረስት ይህን ለማድረግ ጸሐፊው ወደሚመክሩት የሲምሊንክ ብልሃት መውረድ ነበረበት።

የምርጫው አስፈላጊነትም እየጨመረ ነው። ጎልድ በ2008 ቢንዩቲልስ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ በፌብሩዋሪ 2025 ከወጣው 2.44 ጀምሮ ግን ጊዜው ያለፈበት ተብሎ ከዋናው የምንጭ ጥቅል ተለይቷል። በማዋቀሪያቸው ውስጥ ጎልድን ስሙን ጠርተው የጻፉ ፕሮጀክቶች አንድ ቃል መቀየር ይጠበቅባቸዋል። ሲምሊንክ ያዞሩት ግን በየማሽኑ እየዞሩ መፈለግ አለባቸው።

ጸሐፊው በመጨረሻ በአማራጭነት ያነሱት የአካባቢ ቫሪያብል ለአንድ ሰው ሙከራ ጥሩ ነው፤ የቢልድ መዝገብ ላይ ግን አይታይም። መዝገቡን ያነበበ ሰው ትዕዛዙን ቀድቶ ሲያስኬድ ሌላ ሊንከር ይነሣል። «ሞልድ -ረን ሜክ» የሚለው ዘዴም የሊንከር ጥሪዎችን በኤልዲ_ፕሪሎድ (ላይብረሪን አስቀድሞ በሚያስጭን የአካባቢ ቫሪያብል) ጠልፎ ስለሚያዞር ይኸው ጉድለት አለበት፤ ሊንከሩን የሚጠራው ፕሮግራም በስታቲክ ሊንክ የተሠራ ከሆነ ደግሞ ጠለፋው ጭራሽ አይደርስበትም። የትኛው ሊንከር እንደሚነሣ አስቀድሞ ለማወቅ በትዕዛዙ ላይ «-ደብሊውኤል,--ቨርዥን» መጨመር ነው። ካለቀ ባይነሪ ላይ ደግሞ «ሪድኤልፍ -ፒ .ኮመንት» ኤልኤልዲንና ሞልድን በስማቸው ያሳያል፤ ጎልድ የራሱን የኖት ሴክሽን ይተዋል፤ ቢኤፍዲ ምንም አይጽፍም።